ከማሽላ አገዳ አኖድ፣ በአሉሚና የተሸፈነ ካቶድ፦ ኮምቦልቻ ላይ የሊቲየም ባትሪ ለሚሞክሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ኅዳር ገብቶ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የወረደ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የታጨደ ማሽላና የተከመረ አገዳ ነው። አገዳው ለከብት ቀለብ ይሆናል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ የተረፈው ምድጃ ውስጥ ይገባል። እኔ ከዚያ ከተረፈው እየለመንኩ የባትሪ አኖድ (ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙን የሚቀበለውን አሉታዊ ጫፍ) መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው አባት «አብሽር ልጄ፣ አገዳ ጠፍቶ ነው?» ብለው አንድ እስር ሰጡኝ። ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ስልክ ውስጥ የሚገባውን ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ እሱኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ባትሪ የማያወራ ሰው የለም። የሚወራው ግን ስለ ዋጋውና ስለ ዕድሜው ነው እንጂ በውስጡ ስላለው ነገር አይደለም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በውስጡ ያለውን በእጃቸው ሠርተው ማየት ለሚፈልጉ የኬሚስትሪ፣ የኬሚካል ምህንድስናና የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪዎች ነው። የላብራቶሪ ሥራ ነው፤ ቤት ወይም ጓሮ ውስጥ አይሞከርም። አሮጌ የስልክ ወይም የላፕቶፕ ባትሪ ፈልቅቆ ዕቃ ለማውጣትም ማንም እንዳይሞክር አደራ እላለሁ፤ እሳቱ በቀላሉ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም፣ ጭሱም መርዝ ነው።

አኖድ መሥራትና ካቶድ መሸፈን ለምን አንድ ሥራ እንደሆኑ

ብዙ ተማሪ «እኔ አኖድ ነው የምሠራው»፣ «እኔ ደግሞ ካቶድ» (ሊቲየሙ የሚነሣበት አዎንታዊ ጫፍ) ተባብሎ ይለያያል። እኔ አብረው እንዲሠሩ የምወተውተው በአንድ ምክንያት ነው፤ እሱም ውሃ ነው።

ገበያ ላይ ያለው ባትሪ አኖዱ በአብዛኛው ግራፋይት ነው። ግራፋይት ለእያንዳንዱ ሊቲየም ስድስት የካርቦን አተም ስለሚያስፈልገው አቅሙ በግራም ከ372 ሚሊ አምፒር ሰዓት አያልፍም። ከተክል የሚገኘው ካርቦን ግን ግራፋይት አይሆንም። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ1951 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው አንዳንድ ካርቦን 3,000 ዲግሪ ቢደርስም ንጣፎቹ ተስተካክለው አይደረደሩም፤ እንደተጨማደደ ወረቀት ተጠላልፈው ይቀራሉ። ይህን ሃርድ ካርቦን እንለዋለን። ሊቲየም በንጣፎቹ መካከልም በየቀዳዳውም ይገባል። የአየር እርጥበትም በእነዚያው ቀዳዳዎች ይገባል።

ካቶዳችን ሊቲየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው። ኮባልት የለበትም፣ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ይቅር ባይ ነው። በስሌት በግራም 148 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል፤ በተግባር ከ100 እስከ 120 ይሰጣል። በሽታው ማንጋኒዙ መሟሟቱ ነው። ኤሌክትሮላይቱ (በሁለቱ ጫፎች መካከል ሊቲየሙን የሚያሻግረው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ጨው፣ ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት፣ ጥቂት ውሃ ካገኘ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያወጣል። አሲዱ ማንጋኒዙን ከካቶዱ ይበላል፤ የተሟሟው ማንጋኒዝ ተንሳፍፎ አኖዱ ላይ ያርፋል፤ እዚያ በካርቦኑ ላይ የተሠራውን መከላከያ ቆዳ ያበላሻል፤ ቆዳው እንደገና ለመሠራት ሊቲየም ይበላል። እንግዲህ ውሃውን የሚያመጣው አኖዱ ነው፣ የሚሸረሸረው ካቶዱ ነው፣ ዕዳው ተመልሶ የሚያርፈው አኖዱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ይህን ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ለመበጠስ የታሰበ ነው።

1. አገዳውን ማዘጋጀት

ቅጠሉንና ሥሩን ጣሉ፤ አፈር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ግንዱን በጣት ርዝመት ቆራርጡ። ጥንቅሽ ከሆነ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ቆራርጣችሁ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥልሉት፤ ካልሆነ ሲሞቅ ይቀልጥና ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል። ቀሪውን ማሽላ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻም በዲስቲልድ ውሃ አጥባችሁ በ105 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን አድርቁ። ክብደቱ በሁለት ተከታታይ ሚዛን ካልተለወጠ ደርቋል።

«ሌላ ተክል ቢሆንስ?» ይሉኛል። የቡና ገለባም ይሆናል፣ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራም ይሆናል። እንጨት ከአገዳና ከጭድ ይልቅ አመዱ አነስተኛ ስለሆነ ለመጀመሪያ ሙከራ ሰጋቱራ ይቀላል። ከእንጨት ቤት ስትወስዱ ግን ችፑድና ኮምፖንሳቶ የተሰነጠቀበትን አትውሰዱ፤ ሙጫ አለበት። የምስማርና የመጋዝ ብረት ስለማይጠፋም ማግኔት አሳልፉበት። የጤፍ ጭድን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ሲሊካ (አሸዋ መሰል ማዕድን) አለው፣ ደግሞም የከብት ምግብ ነው። ለምርምር ተብሎ ከላም አፍ የሚነጠቅ ነገር መጨረሻው አያምርም።

አሁን፣ ከምንም በፊት፣ የአመዱን መጠን ለኩ። 1 ግራም የደረቀ አገዳ በሸክላ ሳህን መዝናችሁ በ575 ዲግሪ በክፍት አየር ሙሉ በሙሉ እስኪነጣ አቃጥሉት፣ የቀረውን መዝኑ። ሚዛንና ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) ብቻ የሚጠይቅ፣ ምንም ወጪ የሌለው ልኬት ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ አገዳው ምን ያህል አመድ ይዞ እንደመጣ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

2. የመጀመሪያው ማክሰል

ከሰል አክሳዮች ጉድጓዱን በአፈር የሚደፍኑት አየር ገብቶ እንጨቱን አመድ እንዳያደርገው ነው። እኛ በአፈሩ ፈንታ ናይትሮጅን እንጠቀማለን። የደረቀውን አገዳ ከአሉሚና (ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ) በተሠራ ጀልባ መሰል ሳህን አድርጋችሁ ቲዩብ ፈርነስ ውስጥ አስገቡ። 6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ 2.8 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ አየሩ በደንብ እንዲወጣ ቢያንስ አምስት እጥፉ ጋዝ ማለፍ አለበት። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር እየለቀቃችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ቀንሱና ማሞቅ ጀምሩ። በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ 500 ዲግሪ ይድረስ፣ 2 ሰዓት ይቆይ።

ጋዝ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ስለሆነ ተማሪዎች ይሳሱለታል። ሒሳቡን ሥሩት። በ150 ባር የተሞላ 40 ሊትር ሲሊንደር 6,000 ሊትር ጋዝ ይይዛል። አንድ ሙሉ ሙከራ ከማሞቅ እስከ ማቀዝቀዝ 12 ሰዓት ቢፈጅ 90 ሊትር እንኳ አይሞላም። ቧንቧው ካላፈሰሰ ከ60 በላይ ሙከራ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ በሳሙና ውሃ ማፍሰሱን ፈትሹ እንጂ ፍሰቱን አትቆጥቡ።

የቱቦውን ሁለት ጫፍ በፍጹም አትድፈኑ። የሚወጣው ጭስ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ክረምት በደሴ ብርድ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የተኛን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ጭሱ በውሃ ጠርሙስ አልፎ ፊውም ሁድ (ጭስ ወደ ውጭ የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ይውጣ። ውሃው ወደ ትኩሱ ቱቦ እንዳይመለስ በመሃል አንድ ባዶ ጠርሙስ አስገቡ።

መብራት መካከል ላይ ከሄደ ጋዙን አትዝጉ፣ ቱቦውንም አትክፈቱ። ሲመለስ ያቋረጠበትን ሙቀትና ሰዓት ጽፋችሁ ቀጥሉ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ከ200 ዲግሪ በላይ እያለ ከፈትኩት፤ ጥቁሩ ዱቄት ዓይኔ እያየ ዳርና ዳሩ ቀላ፣ የሁለት ቀን ሥራ ግራጫ አመድ ሆነ። የመክፈቻ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች ነው።

3. እጥበት

የዚህ ሥራ ልቡ እዚህ ነው። ፈርነሱ ያስደንቃል፣ የባትሪ መሞከሪያው ያጓጓል፤ አኖዱን የሚያድነው ግን ይህ አሰልቺ ደረጃ ነው።

አገዳ ከመሬት ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሲሊካ ይስባል። ፖታሲየሙ በከፍተኛ ሙቀት ካርቦኑን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፣ ተንኖም የኳርትዙን ቱቦ ይበላል። ሲሊካው ክብደት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሊቲየምም ያስራል። በጥሬ አገዳው ላይ ኮስቲክ ሶዳ ብናደርግ ሲሊካውን ብቻ ሳይሆን ሊግኒኑንም አሟሙቶ ምርታችንን ይቀንሰዋል፤ ከመጀመሪያው ማክሰል በኋላ የምናጥበው ለዚህ ነው።

የከሰለውን በሙቀጫ ወይም በቦል ሚል ፈጭታችሁ በ45 ማይክሮን ወንፊት ንፉ። የንፋችሁትን 10 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር 2 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ በ80 ዲግሪ ሦስት ሰዓት አማስሉ። ለ500 ሚሊ ሊትር 40 ግራም ሶዳ ይበቃል። አጥልላችሁ በውሃ ካለፈ በኋላ በ200 ሚሊ ሊትር 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ሌሊቱን ይደር። 37 በመቶ ከሆነው አሲድ 83 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውሃ 500 ታደርሱታላችሁ፤ ምንጊዜም አሲዱ ውሃው ላይ ይፈስሳል እንጂ ውሃው አሲዱ ላይ አይደለም። አሲዱ ከሶዳው ኋላ የሚመጣው ሶዳው የተወውን ሶዲየም ጭምር ጠርጎ እንዲወጣ ነው።

ሲሊካን ለማውጣት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ ላቡ ውስጥ አላስገባውም። ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ብዙም አያሳምም፣ ግን ውስጥ ገብቶ ከደም ካልሲየም ጋር ይተሳሰራል፤ ልብ ሊያቆም ይችላል። ሶዳው ትንሽ ቢዘገይም ሥራውን ይሠራል።

በዲስቲልድ ውሃ ማጠቡን መቼ እንደምታቆሙ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። የተጣራው ውሃ ፒኤች ወደ 7 ሲጠጋ፣ እና በጥቂቱ ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ስታደርጉ ነጭ ደመና ሳይታይ ሲቀር። ደመና ካለ ክሎራይድ አለ፤ ደግማችሁ እጠቡ። ሰባት ስምንት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ከደረቀ በኋላ የአመድ ልኬቱን ደግማችሁ ሥሩ። ይህ ከሰል እንጂ አገዳ ስላልሆነ አወዳድራችሁ መናገር የምትችሉት ካልታጠበ ከሰል ጋር ነው፤ ስለዚህ ሳይታጠብ የቀረ 1 ግራም ከሰል አስቀድማችሁ አስቀሩ። አመዱ ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ማክሰል አትለፉ።

4. ሁለተኛው ማክሰል

በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ውስጥ በደቂቃ 5 ዲግሪ ወደ 1,100 ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት ቆይታ። ቱቦው ኳርትዝ ከሆነ ከዚህ አትለፉ። የአሉሚና ቱቦ ያለው 1,200 እና 1,300ን ቢሞክር ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ክፍት ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ የገጹ ስፋት ይቀንሳል፣ በመጀመሪያው ሞልቶ የመራገፍ ዙር የሚባክነው ሊቲየምም አብሮ ይቀንሳል። ከ100 ግራም ደረቅ አገዳ መጨረሻ ላይ 20 ግራም አካባቢ ብታገኙ አትደንግጡ።

በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የገጹን ስፋት ማብዛት ለሱፐርካፓሲተር (ኃይልን በገጹ ላይ ለሚያከማች ዕቃ) የሚሆን ዘዴ ነው። ለዚህ ባትሪ ይጎዳል።

ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የአተሞችን አደራደር የሚያሳይ መሣሪያ) ካገኛችሁ 23 ወይም 24 ዲግሪ አካባቢ ሰፊ ጉብታ ማየት አለባችሁ፤ ግራፋይት ቢሆን 26.5 ላይ ቀጥ ያለ ሹል ይሆን ነበር። በጉብታው ላይ የተተከሉ ሹል መስመሮች ከታዩ አመድ ቀርቷል፤ ወደ 3 ተመለሱ።

ዱቄቱን ሲሊካ ጄል ባለበት ደሲኬተር ውስጥ አስቀምጡ። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ ሲወርድ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያደረ ካርቦን ውሃ ጠጥቶ ነው የሚያድረው።

5. ካቶዱን መሸፈን

ሊቲየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ተገዝቶ ከተገኘ ግዙ። ካልተገኘ 9.62 ግራም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና 2.04 ግራም ሊቲየም ካርቦኔት 10 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ሊቲየም በሙቀት ስለሚተን ካርቦኔቱን ወደ 2.10 ከፍ አድርጉት። በደንብ አብራችሁ ፈጭታችሁ በአየር ውስጥ በ750 ዲግሪ 12 ሰዓት፣ አውጥታችሁ ደግማችሁ ፈጭታችሁ ሌላ 12 ሰዓት፤ ፈርነሱ ውስጥ እንዳለ በራሱ ይቀዝቅዝ።

ሽፋኑን እንደ ቤት ልስን አስቡት። በጣም ከሳሳ ዝናብ ያስገባል፣ ከወፈረ ይሰነጠቃል፤ የእኛ ደግሞ ከወፈረ ሊቲየምና ኤሌክትሮን አያሳልፍም፣ አሉሚና ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የዱቄቱ ገጽ በግራም 1 ካሬ ሜትር ቢሆንና 1 በመቶ አሉሚና እኩል ቢሰራጭ ውፍረቱ 3 ናኖ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለመነሻ 1 በመቶ የምለው ለዚህ ነው። አሉሚናው የሚጠቅመውም በመከለል ብቻ አይደለም፤ የመጣውን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ራሱ ተቀብሎ ወደ አሉሚኒየም ፍሎራይድ ይለወጣል፣ ማንጋኒዙ ጋ ሳይደርስ።

0.74 ግራም አሉሚኒየም ናይትሬት ኖናሃይድሬት (ይህ 0.1 ግራም አሉሚና ይሰጣል) በ50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ኤታኖል አሟሙ። በውሃ አታድርጉት፤ በውሃ ውስጥ ናይትሬቱ አሲዳማ ስለሚሆን ልትጠብቁት የመጣችሁትን ማንጋኒዝ ራሱ መሸርሸር ይጀምራል። በ120 ዲግሪ የደረቀ 10 ግራም ካቶድ ዱቄት ጨምሩ፣ አልትራሶኒክ ውስጥ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ማግኔቱ እያማሰለ በ60 ዲግሪ ኤታኖሉ ቀስ ብሎ ይትነን። ፊውም ሁድ ውስጥ፣ እሳት በሌለበት። ማማሰሉን ጨርሶ እስኪደርቅ አታቋርጡ፤ ካቋረጣችሁ ናይትሬቱ ዳር ዳር ላይ ይጠራቀማል፣ ሽፋኑም ዥንጉርጉር ይሆናል።

በ80 ዲግሪ ሌሊቱን ይደር። ኤታኖል የቀረበት ናይትሬት ፈርነስ ውስጥ አይግባ፤ ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚያ በክፍት አየር በደቂቃ 2 ዲግሪ ወደ 450፣ አምስት ሰዓት። በመንገዱ ላይ ቡናማ ጋዝ ይወጣል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ጭስ ማውጫው ሥር ይሁን።

አራት ናሙና ሥሩ፦ 0.5፣ 1 እና 2 በመቶ፣ አራተኛው ደግሞ ናይትሬት የሌለበት ግን ኤታኖል ውስጥ ገብቶ፣ ደርቆ፣ በ450 ዲግሪ የሞቀ። አራተኛውን ያልሠራ ሰው «ሽፋኑ ጠቀመ» ሊል አይችልም፤ ሙቀቱ ብቻውን ዱቄቱን አሻሽሎት ሊሆን ይችላልና። የተማሪዎችን ሥራ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ናሙና ነው።

6. ሊጡና ምጣዱ

ለአኖዱ 0.8 ግራም ካርቦን፣ 0.1 ግራም ካርቦን ብላክ (ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ የሚጨመር ጥላሸት)፣ እና 5 ግራም የ2 በመቶ ሲኤምሲ ሙጫ (በውስጡ 0.1 ግራም ደረቅ ሲኤምሲ አለ)። ለካቶዱ በዚሁ ልክ፣ ሙጫው ግን ፒቪዲኤፍ (የፕላስቲክ ማጣበቂያ) በኤንኤምፒ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ውስጥ፦ 5 በመቶ ከሆነ 2 ግራም። ኤንኤምፒ ፅንስ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለች እዚህ ሥራ ላይ አትመደብ።

የአኖዱ ሊጥ ስስ የመዳብ ወረቀት ላይ፣ የካቶዱ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ላይ ይቀባል። አይለዋወጡም፤ አሉሚኒየም በአኖዱ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ከሊቲየም ጋር ይዋሃዳል፣ መዳብም በካቶዱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሟሟል።

የእንጀራ ሊጥ ላይ ዓይን ሲወጣ ደስ ይላል። እዚህ ግን ዓይን ጠላት ነው፤ አንዲት የአየር አረፋ ባዶ መዳብ ትታ ታልፋለች። ሊጡ ከተቦካ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ አረፋው ይውጣ፣ ከዚያ በ150 ማይክሮን ክፍተት ባለው መቀቢያ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ደሴ ላይ በ92፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ማድረቂያው ከ60 ዲግሪ አይለፍ፣ አለበለዚያ ሊጡ እየፈላ ይሰነጠቃል።

በ12 ሚሊ ሜትር መብሻ ቆርጣችሁ እያንዳንዷን ክብ መዝኑ። ከዚያ በቫኪዩም በ120 ዲግሪ 12 ሰዓት። ይህ ውሃን የምንገጥምበት የመጨረሻው በር ነው። ከቫኪዩም ወጥቶ ለአምስት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ካርቦን እንደገና እርጥብ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

7. ሴሉን መዝጋት

ይህ የሚሠራው አርጎን በሞላበት ግሎቭ ቦክስ (ጓንት የተገጠመለት ዝግ ሳጥን) ብቻ ነው፤ ውሃውም ኦክስጅኑም ከሚሊዮን አንድ ክፍል በታች መሆን አለበት። ግሎቭ ቦክስ የሌለው ላብ እስከ 6 ሠርቶ ካለው ጋር ይስማማ። ክቦቹን በቫኪዩም በታሸገ የአሉሚኒየም ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያም ደርሳችሁ ሌሊቱን ደግማችሁ አድርቁ። በዚህ የሚቀንስ ክብር የለም።

የሳንቲም ቅርጽ ያለው ኮይን ሴሉ ሲአር 2032 ነው፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። መጀመሪያ አኖዱንም ካቶዱንም ለየብቻ ከሊቲየም ብረት ጋር ዝጉ። ኤሌክትሮላይቱ 1 ሞላር ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት በኤቲሊን ካርቦኔትና ዳይሜቲል ካርቦኔት ውስጥ፣ በየሴሉ እኩል መጠን ጠብታ። ከእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ ሦስት ሴል። ስድስት ሰዓት ያረፈ ሴል በእርጋታ ይጀምራል።

8. መለካትና ቁጥሩን ማመን

የኤሌክትሪክ ፍሰቱን (የከረንቱን) መጠን ስሌት በምሳሌ ላሳይ። ክቧ 13.1 ሚሊ ግራም መዘነች፣ ባዶው መዳብ 10.1 ነው። ልዩነቱ 3.0፣ ከዚያ ካርቦኑ 80 በመቶ፣ 2.4 ሚሊ ግራም። በግራም 300 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብለን ብንነሳ 0.72 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይሆናል። በ10 ሰዓት እንዲሞላ 0.072 ሚሊ አምፒር ስጡት። አኖዱ ከ0.01 እስከ 2 ቮልት፣ ካቶዱ ከ3.0 እስከ 4.3 ቮልት መካከል ይሂድ።

የመጀመሪያ ሴሌ የመጀመሪያ ዙር ላይ ከግራፋይት ጣሪያ በላይ የሆነ ቁጥር ሲያሳየኝ ለሰው ሁሉ ነግሬ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግማሹ የለም። የጠፋው ሊቲየም የካርቦኑን ቆዳ ለመሥራትና በየቀዳዳው ተይዞ ቀርቶ ነው። ከሊቲየም ብረት ጋር ስለተዘጋ ችግሩ አይሰማም፤ ሊቲየሙ ሞልቷል። በእውነተኛ ባትሪ ግን ሊቲየሙ የሚመጣው ከካቶዱ ብቻ ነው።

እንበል በመጀመሪያው ዙር 480 ገባ፣ 300 ተመለሰ። የመጀመሪያ ዙር ብቃቱ 62.5 በመቶ ነው። በእያንዳንዱ ግራም ካርቦን 180 ሚሊ አምፒር ሰዓት ጠፋ። ካቶዱ በግራም 110 ቢሰጥ፣ ያንን ጉድጓድ ለመድፈን ብቻ ከ1.6 ግራም በላይ ካቶድ ዳግም ላይሠራ ይሞታል። እንግዲህ በሪፖርታችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚቀመጠው ቁጥር የሚመለሰው 300 እና ብቃቱ 62.5 ናቸው፤ 480 አይደለም። ብቃቱን የሚያነሡት ነገሮች ደግሞ ያለፋችሁባቸው ናቸው፦ እጥበቱ፣ የሁለተኛው ማክሰል ሙቀት፣ የቫኪዩም ማድረቂያው።

ሙሉውን ባትሪ ስትዘጉ አኖዱን አስቀድሞ ሊቲየም ማጠጣት ያስፈልጋል። አስተማማኙ መንገድ አኖዱን ከሊቲየም ብረት ጋር ሁለት ሦስት ዙር አስኬዳችሁ፣ ግሎቭ ቦክስ ውስጥ ፈትታችሁ፣ ያንኑ ክብ ከተሸፈነው ካቶድ ጋር እንደገና መዝጋት ነው። የአኖዱ የሚመለስ አቅም ከካቶዱ በ10 በመቶ ይብለጥ፤ ካነሰ ሊቲየም በገጹ ላይ እንደ ብረት ይተከላል፣ ሴፓሬተሩንም (አኖዱንና ካቶዱን የሚለየውን ስስ ሽፋን) ሊወጋ ይችላል። በ300 እና በ110 ስሌት ለ1 ግራም ካርቦን 2.5 ግራም ገደማ ካቶድ ማለት ነው።

ሽፋኑ የሚፈተነው በክፍል ሙቀት አይደለም። እዚያ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም ለሃምሳ ዙር ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። 55 ዲግሪ ውስጥ አስገቧቸው፤ የማንጋኒዙ መሟሟት የሚፈጥነው እዚያ ነው። ባቲን አልፎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና ጣሪያው ሥር ያለው ሙቀትም ወደዚያው የሚጠጋ ነው። አራቱን ናሙናዎች እኩል 100 ዙር አስኬዱና በየ20 ዙሩ የቀረውን አቅም ጻፉ። 2 በመቶው ዕድሜው ረዝሞ አቅሙ ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሽፋኑ ወፍሯል።

9. ያለቀውን ሴል መክፈት

ብዙዎች ዙሩ ሲያልቅ ሴሉን ይጥሉታል። ቢያንስ ከየናሙናው ከካርቦን አኖድ ጋር የተዘጋውን አንድ ሴል ኃይሉን አራግፋችሁ ግሎቭ ቦክስ ውስጥ ክፈቱ። አኖዱን በዳይሜቲል ካርቦኔት አጥባችሁ በአሲድ አሟሙና ማንጋኒዙን በአተሚክ አብዞርፕሽን (የብረታ ብረትን መጠን በሚለካ መሣሪያ) አስለኩ። ካልተሸፈነው ካቶድ ፊት ለፊት የነበረው አኖድ ላይ የሚገኘው ማንጋኒዝ፣ ከተሸፈነው ፊት ለፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ሽፋኑ መሥራቱን ከማንኛውም ግራፍ በላይ ይናገራል። ማንጋኒዝ ሞልቶ ካገኛችሁና ሽፋኑ ትክክል ከሆነ፣ ወደ ካርቦኑ ተመለሱና የቫኪዩሙን ሰዓት ፈትሹ።

የተረፈውን የሊቲየም ብረት ቅንጥብጣቢ ውሃ ወዳለበት ባልዲ አትጣሉ። ፊውም ሁድ ውስጥ፣ አንድ አንድ ቁራጭ፣ ብዙ አይሶፕሮፓኖል ውስጥ ጨምሩት፤ አረፋ ማውጣቱን ጨርሶ እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጣዩን። የቀሩትን ሴሎች ሁለቱ ገጻቸው እንዳይነካካ በፕላስተር ጠቅልላችሁ፣ የናሙናውን ቁጥር፣ አገዳው የመጣበትን ማሳና የታጨደበትን ወር ጽፋችሁ ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።